ዶሮ በቆጥ፣ ዕንቁላል በሣጥን

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በተቀመጠችው በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች፣ የጸሎተ ሠርክ ሰዓት ተቃርቦ ፀሐይ ወደ ኦሞ ሸለቆ ማዘንበል ስትጀምር፣ መዓልቱን በየእንሰቱ ሥር ሲጭሩ የዋሉት ዶሮዎች ማንም ሳይጠራቸው አንድ በአንድ ወደ ማደሪያቸው ይመለሳሉ፤ ከእነርሱም የሚበልጡት በቆጡ ላይ ወጥተው፣ ጥቂት ተገፋፍተው፣ ክንፋቸውን ሰብስበው ሲያርፉ፣ አንዳንዶቹ ግን ቆጡን እንዳላዩ አልፈው ወደ ዕንቁላል መጣያው ሣጥን ይገባሉ፣ በገለባውም ላይ ተኝተው ሌሊቱን እዚያው ያድራሉ። ላየው ሰው ነውር የሌለበት ነገር ነው፤ ለደከመች ፍጥረት ለስላሳ ገለባ የሚነፍግ ማን ነው? ነገር ግን ሲነጋ ገለባው በኩስ ተለውሶ ይገኛል፣ የቀኑም የመጀመሪያው ዕንቁላል የሚወድቀው በዚያ እርጥብ ኩስ ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ጉዳይ ብዙ ገጽ ሊጻፍበት የሚገባ ነውን ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር፣ መልሱን በወላይታ ምድር ላይ ያገኘዋል። ወላይታ ከአገራችን የገጠር አካባቢዎች ሁሉ ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው አንዱ ነው፤ በዳሞት ጋሌ ወይም በቦሎሶ ሶሬ ከግማሽ ሄክታር የማይበልጥ መሬት ይዞ ብዙ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ገበሬ ብርቅ አይደለም። ለላም የሚበቃ ግጦሽ በሌለበት፣ ለበሬ የሚተርፍ ገለባ ባነሰበት በዚህ አገር፣ ደኻው ቤት ሁሉ ሊያረባት የሚችላት እንስሳ ዶሮ ናት፤ የዕንቁላሉም ገንዘብ በአብዛኛው በእመቤቲቱ እጅ የሚገባ፣ ጨውና ሳሙና የሚሆን፣ የልጅ ደብተር የሚገዛ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከዕንቁላሉ መካከል ጥቂቱ ቆሽሾ በርካሽ ቢሸጥ ወይም ተበላሽቶ ቢጣል፣ ጉዳቱ ቀጥታ የሚወርደው በእርሷና በልጆቿ ላይ ነው።

ዶሮ ሌሊት ብትተኛም ሆዷ አይተኛም። በሃያ አራቱ ሰዓት ከምትጥለው ኩስ ሲሶው፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው፣ በእንቅልፍ ጊዜ የሚወርድ ነው፤ በቆጥ ላይ ካለች ኩሱ ከበታቿ ይወርዳል፣ በሣጥን ውስጥ ካለች ግን ሌሊቱን ሙሉ ከራሷ ሥር ይከማቻል። ዕንቁላሉም ሰው እንደሚገምተው ድፍን ዕቃ አይደለም። በቅርፊቱ ላይ ከ7000 እስከ 17000 የሚደርሱ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ፈጣሪ በጥበቡ እነዚህን ቀዳዳዎች የሚሸፍን ቀጭን ልባስ በቅርፊቱ ላይ አኑሮለታል፣ ሆኖም ዕንቁላሉ በተጣለበት ቅጽበት ልባሱ ገና እርጥብ ነው። ከዶሮዪቱ ሆድ ሲወጣ 41 ዲግሪ ያህል ሙቀት የያዘው ዕንቁላል በሶዶ የማለዳ ብርድ ሲያገኘው ውስጡ ይኰማተራል፣ ሲኰማተርም አየርን ከውጭ ወደ ውስጥ ይስባል፤ በዙሪያው ያለው ንጹሕ ገለባ ከሆነ የሚስበው ንጹሕ አየር ነው፣ እርጥብ ኩስ ከሆነ ግን ሳልሞኔላን የመሰሉ ተሐዋስያንን አብሮ ይስባል። ብዙ እናቶች የቆሸሸውን ዕንቁላል በቀዝቃዛ ውኃ አጥበው ወደ ገበያ ያወጡታል፤ ይህ በቅን ልቡና የሚደረግ ሥራ ልባሱን አንሥቶ፣ በቅዝቃዜው ደግሞ ስበቱን አጠንክሮ፣ ከውጭ ያማረ ከውስጥ ግን ፈጥኖ የሚበላሽ ዕንቁላል ያስከትላል። እድፉ ጥቂት ከሆነ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ይሻላል፣ ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀድሞውኑ አለማቆሸሽ ነው።

ዶሮ በጥንተ ተፈጥሮዋ የዛፍ አዳሪ ናት። የቤት ዶሮ ሁሉ የዘር ግንድ የሆነችው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደን ውስጥ የምትኖረው ቀይ የዱር ዶሮ እስከ ዛሬ ድረስ ሲመሽ ከአውሬ ለመሸሽ ወደ ዛፍ ቅርንጫፍ ትወጣለች። ዘሯ ወደ አገራችን የገባው እጅግ ከጥንት ነው፤ በትግራይ መዝበር በተባለው ጥንታዊ ስፍራ በቁፋሮ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች የአክሱም መንግሥት ሳይነሣ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻው ሺህ ዓመት፣ ዶሮ ከአባቶቻችን ጋር ትኖር እንደነበር ይመሰክራሉ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላም ጠባይዋ አልተለወጠም፤ ሲመሽ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፣ እርሱም ካለችበት ስፍራ ሁሉ ከፍ ያለውን ነው።

ይህን አባቶቻችንና እናቶቻችን ያውቁታል። በወላይታ በሣር በተከደነው ረጅሙ ጎጆ ቤት ውስጥ ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድሩ፣ ዶሮም ከእነርሱ ጋር ታድር ነበር፣ በብዙ ቤት ዛሬም ታድራለች፤ ማረፊያዋም ከግድግዳ ወደ ምሰሶ የተጋደመ እንጨት ሲሆን፣ ዕንቁላል የምትጥለው ግን በቤቱ ጥግ፣ በመሬት ላይ ገለባ በተነጠፈበት ቅርጫት ወይም በአሮጌ ሸክላ ውስጥ ነው። በመላው አገራችንም ቆጥ የቤቱ አንድ ክፍል ስለ ነበር፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት ምንም ማብራሪያ ሳያስፈልገው ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል። ማደሪያው ከላይ፣ መጣያው ከታች መሆኑ በትምህርት ቤት የተገኘ ዕውቀት አልነበረም፣ ሥራው ግን የተሟላ ነበር፤ ዶሮዪቱ ለመተኛት ወደ ላይ፣ ለመጣል ወደ ታች ትሄድ ነበርና ሁለቱ አይቀላቀሉም።

ነገሩ የተቀላቀለው አዲሱ ዘር ሲመጣ ነው። የአገር ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ60 ዕንቁላል እምብዛም አይበልጥምና፣ መንግሥትና ነጋዴዎች ሳሶና ቦቫንስ የተባሉትን፣ ቀደም ሲልም ፋዩሚን፣ ኮኮክንና ቀዩን ሮድ አይላንድ፣ በየገጠሩ ሲያዳርሱ ቆይተዋል፤ ይህም የሚመሰገን ሥራ ነው። እነዚህ ጫጩቶች በማሽን ተፈልፍለው፣ አንድ ቀን ሲሞላቸው ለአሳዳጊዎች ይሰጣሉ፤ አሳዳጊዎቹም ክትባት እየከተቡ በጉዝጓዝ ላይ ካሳደጓቸው በኋላ፣ 45 ቀን ወይም ከዚያ ጥቂት የሚያልፍ ዕድሜ ሲደርሱ ለገበሬው ይሸጧቸዋል። ጌታ በወንጌል ስለ ኢየሩሳሌም ሲያዝን ምሳሌ ያደረጋት፣ ጫጩቶቿን በክንፏ ሥር የምትሰበስበው እናት ዶሮ፣ ልጆቿን ማሞቅ ብቻ አልነበረም ሥራዋ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሆናቸው ከመሬት ከፍ ወዳለ ነገር እየወጣች፣ ከኋላዋ እያስከተለች፣ ቆጥ መውጣትንም ታለማምዳቸው ነበር። የማሽን ጫጩት ይህ ትምህርት አላገኛትም። በስዊድን የተደረገና በ1999 እ.አ.አ. የታተመ ጥናት፣ አራተኛው ሳምንታቸው ከማለቁ በፊት ቆጥ ያገኙ ጫጩቶች፣ አድገው ሲጥሉ በወለል ላይ የሚጥሉት ዕንቁላል ቆጥ ዘግይቶ ከተሰጣቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የአውሮፓ ኅብረትም በዚያው ዓመት ባወጣው መመሪያ፣ ለእያንዳንዷ ጣይ ዶሮ 15 ሳንቲ ሜትር ቆጥ፣ ለ7 ዶሮዎችም አንድ መጣያ እንዲኖር ደንግጓል። እኛ ግን ዶሮዪቱን ስናስመጣ ቆጧን ረሳነው። በዚህ ጽሑፍ ማለት የምሻው ዋናው ነገርም ይኸው ነው፦ በሣጥን የምታድር ዶሮ እልኸኛ ወይም ሰነፍ አይደለችም፣ ያላስተማርናትን ነገር ያላወቀች ፍጥረት ናት።

ከሶዶ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ባለ ግቢ ውስጥ፣ 12 ሳሶ ዶሮዎች የያዘች አንዲት እናት የዶሮ ቤቷን አሳየችኝ። ቤቱን የሠራው የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጇ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ ተክሎ፣ ጎኑን በቀርከሃ ሠርቶ፣ ላዩን በአሮጌ ቆርቆሮ ከድኖታል፤ በእጅ ሥራው የሚያስመሰግን ልጅ ነው። የዕንቁላል መጣያዎቹን ሣጥኖች በሰው ደረት ልክ ከፍ አድርጎ በግድግዳው ላይ ቸንክሯቸዋል፣ ቆጡ ግን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ አንድ አግዳሚ እንጨት ነበር።

«ጋሼ፣ ማታ ማታ ስድስቱ ሰባቱ እዚያ ሣጥን ውስጥ ይታጨቃሉ፤ ገለባውን ስለ ወደዱት ይሆናል ብዬ አንድ ሰሞን አንሥቼው ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዕንቁላሉ በጣውላው ላይ እየተሰነጠቀ አስቸገረኝ» አለችኝ።

ልጁን ሣጥኑን ያን ያህል ለምን እንዳስረዘመው ጠየቅሁት። «ሽለምጥማጥ ዕንቁላሉን እንዳይበላው ብዬ ነው። ቆጡን ደግሞ፣ ሳሶ ከባድ ናት መዝለል አትችልም ሲሉ ስለ ሰማሁ ዝቅ አደረግሁት» አለ። ሁለቱም ምክንያቶቹ እውነት ናቸው። ነገር ግን ሁለቱ እውነቶች ተገናኝተው፣ በዚያ ቤት ውስጥ ከሁሉ ከፍ ያለው ስፍራ የዕንቁላሉ ሣጥን ሆኗል፣ ዶሮዎቹም ተፈጥሯቸው ያዘዛቸውን አድርገዋል።

የተለመደው ምክር ቆጡን ከሣጥኑ በላይ አድርጉ የሚል ሲሆን፣ ለቀላሏ የአገር ዶሮና ለቦቫንስ ልክ ነው፤ ሣጥኑ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ቆጡን ወደ 80 ወይም 90 ማድረስ አይቸግርም። እንደ ሳሶ ላለች ከባድ ዶሮ ግን ቆጡን እየሰቀሉ ከመሄድ ይልቅ ሣጥኑን ማውረድ የተሻለ ነው። ከረጅም ቆጥ በየማለዳው የምትዘልል ከባድ ዶሮ ውስጥ እግሯ ይቈስልና ያብጣል፤ ስለዚህ ሣጥኑ በመሬት ላይ ወይም ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ቆጡም 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፣ ከመሬት ወደ ቆጡ የሚያደርስ በስሱ ያጋደለ መሰላልም ይደገፍለት። ሽለምጥማጡን የሚከለክለው የሣጥኑ ከፍታ ሳይሆን የቤቱ ሽቦና በሌሊት በሚገባ የሚዘጋው በር ነው። የዚያች እናት ልጅ በዚያው ምሽት ሣጥኖቹን ነቅሎ አወረዳቸው፣ ሁለት አዲስ አግዳሚዎችም ጨመረ።

የቆጡ እንጨት ክብ ወይም ጠርዙ የተላገ፣ ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ልጡ የተላጠ የባሕር ዛፍ አጠና ቢሆን ይበቃል፤ የብረት ቧንቧ ይቀዘቅዛል፣ ያዳልጣልም። ለእያንዳንዷ ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ማሰብ ያስፈልጋል፤ ከግድግዳውም ሆነ በአግዳሚና በአግዳሚ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት፣ ያለዚያ የአንዷ ጭራ ግድግዳውን ይመታል ወይም ኩሷ በሌላዪቱ ላይ ይወርዳል። በዶሮዎች መካከል የበላይና የበታች ሥርዓት አለ፤ ቆጡ ጠባብ ከሆነ በኃይለኞቹ የምትነከሰው ደካማዋ ወደ ሣጥን ትሸሻለች፣ እርሷን ደጋግሞ ከሣጥን ማውጣትም ስፍራ ሳይሰጧት ማሳደድ ነውና፣ የሁሉም አግዳሚ ከፍታ እኩል ቢሆን ለላይኛው ስፍራ የሚደረገው ጠብ ይበርዳል። ከቆጡ በታች ጣውላ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ቢነጠፍ ኩሱ በየማለዳው ይሰበሰባል፤ ከቅጠልና ከአመድ ጋር ተከምሮ ከበሰለ በኋላ ለጓሮው እንሰት የሚሆን ማዳበሪያ ነው።

ቆጡ ከተስተካከለ በኋላም ልማድ የያዛቸው ዶሮዎች ጥቂት ሌሊት ወደ ሣጥኑ መመለሳቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ ሣጥኑን በምሽት መዝጋት ነው። በሶዶ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትገባው ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለ ሆነ፣ በሰሜኑ ዓለም እንዳሉት አርቢዎች ሰዓቱን ከወር ወደ ወር መቀያየር አያስፈልግም፤ የዕለቱ ዕንቁላል በሙሉ ከተነሣ በኋላ ወደ 11 ሰዓት ገደማ የሣጥኑን አፍ በካርቶን፣ በጣውላ ወይም በጆንያ መጋረጃ መዝጋት፣ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ መክፈት ነው። ዶሮ በአብዛኛው የምትጥለው በረፋዱ ስለ ሆነ በማለዳ መክፈቱን ችላ ያለ ሰው ዕንቁላሉን በወለል ላይ ያገኘዋል። የሣጥኑንም ጣሪያ ገበሬው እንደ ቤቱ ክዳን አሹሎና አዘቅዝቆ ቢሠራው፣ በላዩ ላይ ለማደር የምትሞክር ዶሮ አትገኝም። ገና ያልጣሉ ቄቦችን በተመለከተ ደግሞ፣ አምስት ወር ገደማ ሆኗቸው ለመጣል እስኪቃረቡ ድረስ ሣጥኑን ፈጽሞ አለመክፈት ነው።

የቀረችውን እምቢተኛ በእጅ መውሰድ ያስፈልጋል። ዶሮ በጨለማ አታይም፤ ስለዚህ ፈጽሞ ከመሸ በኋላ፣ ያለ ብዙ ብርሃንና ያለ ጫጫታ፣ በሁለት እጅ ክንፏን አቅፎ ከሣጥኑ አውጥቶ በቆጡ ላይ ቢያኖሯት፣ እግሮቿም እንጨቱን እስኪጨብጡ ቢጠብቋት፣ ወዴትም አትሄድምና እስኪነጋ እዚያው ትቆያለች። ይህን ሥራ በየምሽቱ ለአንድ ሁለት ሳምንት መደጋገም ልጆች የሚወዱት ሥራ ነው፤ የሚጠይቀውም ትዕግሥትን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ቀድሞ በቆጥ ያድሩ የነበሩ ዶሮዎች በድንገት ቆጡን ሸሽተው ወደ ሣጥን ቢገቡ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አርቢው መብራት ይዞ በሌሊት ቆጡን ይመርምር። ቀይ የዶሮ ቅንቅን የተባለ፣ መጠኑ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ተባይ አለ፤ ቀን በእንጨቱ ስንጥቅና በልጡ ሥር ተደብቆ ይውላል፣ ሌሊት ወጥቶ የዶሮዪቱን ደም ይጠጣል፣ ጎሕ ሳይቀድ ተመልሶ ይደበቃል። ቀን ዶሮዪቱን አገላብጦ የሚፈትሽ ሰው ምንም አያገኝባትም። እርሷ ግን ታውቃለች፣ ስለዚህም ቆጡን ትፈራለች፤ ጉትያዋ ይገረጣል፣ ዕንቁላሏም ይቀንሳል። ነጭ ጨርቅ ይዞ በሌሊት የቆጡን ሆድና መጋጠሚያውን መጥረግ ምስጢሩን ይገልጠዋል፤ ጨርቁ በደም ቢቀባ ጥርጥር የለም። መድኃኒቱ በመጀመሪያ ንጽሕና ነው፦ ቆጡን ነቅሎ የፈላ ውኃ ማፍሰስ፣ በፀሐይ ማድረቅ፣ ግድግዳውን በኖራ መቀባት፣ ቆጡ ግድግዳውን የሚነካበትን ጫፍና ጫፍ ብቻ በላምባ ወይም በተቃጠለ የሞተር ዘይት ማራስ፣ በሳምንቱም ከተባዩ ዕንቁላል የሚወጡትን አዲሶች ለመያዝ ሥራውን መድገም። ተባዩ ያለ ምግብ ለወራት መቆየት ስለሚችል፣ ቤቱን ለጥቂት ሳምንት ባዶ መተው ምንም አይጠቅምም። ለዶሮዎቹም አመድና ደቃቅ አሸዋ የተደባለቀበት የመንከባለያ ስፍራ ከዝናብ በተከለለ ጥግ ይዘጋጅላቸው። ለበቆሎና ለድንች የተገዛውን ፀረ ተባይ በዶሮ ላይ መርጨት ግን ዶሮዪቱን ይገድላል፣ መርዙም በዕንቁላሉ በኩል ወደ ልጆች አፍ ይገባል፤ መድኃኒት ካስፈለገ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ነው።

ሌላው በሣጥን የማደር ምክንያት መታቀፍ ነው፤ በዚህ ላይ ዝም ብዬ ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ሳሶና ቦቫንስ የመታቀፍ ጠባይ እምብዛም የላቸውም፣ የአገር ዶሮ ግን በተፈጥሮዋ እናት ናት፤ ጥቂት ዕንቁላሎች ከጣለች በኋላ ፕሮላክቲን የተባለው ንጥረ ነገር በደሟ ውስጥ ከፍ ሲል፣ ላባዋን ነፍታ፣ እየጮኸች የሚቀርባትን እየነከሰች፣ ለምግብ እንኳ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እየወጣች በሣጥኑ ውስጥ ትቀመጣለች። ባለቤቷ ጫጩት የሚፈልግ ከሆነ ብቻዋን ጨለም ባለ ስፍራ አስቀምጦ ዕንቁላል ያስታቅፋት፤ በ21 ቀን ውስጥ የማሽኑን ሥራ ያለ መብራት ትፈጽምለታለች። የማይፈልግ ከሆነስ? በየአገሩ የሚደረገውን እናውቃለን፤ እግሯን አስሮ ቁልቁል መስቀል፣ ውኃ ውስጥ መንከር፣ በአፍንጫዋ ላባ መሻጥ። ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ መጽሐፍ ያስተምረናልና፣ ይህ ልማድ ይቅር። በዚያ ፋንታ ወለሉ ሽቦ ወይም ሳሳ ብሎ የተሠራ ቀርከሃ የሆነ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ቀፎ ሠርቶ፣ ያለ ገለባ፣ ምግብና ውኃ ሳያጓድል፣ በብርሃን ውስጥ ሦስት አራት ቀን ማቆየት ነው፤ ከታች የሚነፍሰው አየር የሆዷን ሙቀት ያበርደዋል፣ የመታቀፍ ፍላጎቷም ያለ ሥቃይ ይጠፋል። የምትታቀፍ ዶሮ ከሳሶዎች ጋር በአንድ ቤት ካለች ግን ይህን ሳያዘገዩ ማድረግ ይገባል፤ እርሷ በተቀመጠችበት ሣጥን ሌሎቹም ተከትለው የማደር ልማድ አላቸውና።

በ1962 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የወላይታ ግብርና ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ዋዱ፣ ለዚህ ሕዝብ ማዳበሪያና ምርጥ ዘርን ያለማመደው በማሳ ላይ ቆሞ በማሳየት ነበር። ዛሬ በሶዶ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ በየቀበሌውም የግብርና ባለሙያ አለ፣ ከተማይቱም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ዋና መቀመጫ ሆናለች። የቆጥም ነገር እንዲሁ በማሳየት ሊለመድ ይችላልና፣ ልመናዬ ለሦስት ወገን ነው። ለጫጩት አሳዳጊዎች፦ በምታሳድጉበት ቤት ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ከመሬት ጥቂት ከፍ ያለ አንድ ቀጭን አጠና አጋድሙ፣ ዋጋው ከአንድ ጫጩት ያነሰ ነው። ለግብርና ባለሙያዎች፦ ስለ መኖና ስለ ፈንግል ክትባት ስታስተምሩ፣ የቆጡንና የሣጥኑን ከፍታ በሜትር ለክታችሁ ለገበሬው አሳዩት። ዶሮ ለያዛችሁ እናቶችና አባቶች ደግሞ፦ ዛሬ ማታ ዶሮዎቻችሁ ሲሰፍሩ መብራት ይዛችሁ ግቡና ማን የት እንዳደረ ተመልከቱ፤ ሣጥኑ ከቆጡ ከፍ ብሎ ብታገኙት ነገ መዶሻና ምስማር ፈልጋችሁ አውርዱት።